አውራ ጣት

ጣቢያው ትምህርት ቤት ነው፣ አዘዞ፣ ከወፍጮው አጠገብ፤
ሰሌዳው ላይ የአርብ ሒሳብ አለ፣ ያልጠፋ፣ በወጉ ሳይነበብ።
የኔ ሥራ ቀለም ነው፦
ጣት ይመጣል፣ እነክራለሁ፣
«ቀጥሎ» እላለሁ።

ረፋድ ላይ ወይዘሮ አንጓች ገባች፣
ሦስት ሰዓት ተሰልፋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፤
ከፒያሳ እስከ ማራኪ የተነጠፈው ድንጋይ ስንቱ የሷ ነው፣
በመሮ፣ በመዶሻ፣ በቀን ክፍያ፣ በአቧራ።

ወረቀቱን ሰጠኋት።
ገለበጠችው። መለሰችው።
ማረሻ፣ ቁልፍ፣ መሰላል።
«የዘይቱ የትኛው ነው?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ያ ሁለት ሊትር ይዞ ሐሙስ ማታ በራችንን ያንኳኳው፤
ቁልፍ ያለኝ መሰለኝ፣ ወይስ መሰላል?»

ደንቡ አፌን ለጉሞታል፣ ታዛቢው ያየኛል።
«እናቴ፣ የፈቀዱት ላይ ነው።»
«የፈቀድኩትንማ ማን ጻፈው?
እኔ የምፈቅደው ውሃ ነው፣ ልጄ፤
ቧንቧችን በአስራ አምስት ቀን አንዴ ያስላል፣ ደርቆ ከርሞ፤
የቧንቧ ምልክት የታለ፣ ከነዚህ መሀል ቆሞ?»

ከዚያ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።
«አንድ ወረቀት ነበር፣ ባሌ የሞተ ዓመት፣
ወንድሙ አመጣው፣ ‹ለእድሩ ነው፣ እዚህ ጋ አሳርፊበት›፤
አሳረፍኩ።
ሰኔ ሲገባ ቤቱ የሱ ሆነ።
ፍርድ ቤት ሄድኩ፣ ዳኛው አነበበልኝ፤
ያልኩትን የሰማሁት ያኔ ነው፣ ራሴ ያልኩትን።
አሁንስ ምን እያልኩ ነው? አንብብልኝ፣ በሞቴ።»

ሰልፉ አጉረመረመ። ፖሊሱ ሰዓቱን አየ።
እኔ ቀለሙን አማሰልኩ።

አውራ ጣቷን ያዝኩት።
መስመር የለውም፤
ድንጋይ ልጦታል፣ ኖራ በልቶታል፣
እንደ ቀሃ ጠጠር ሙልጭ ብሏል።
በቤቷ፣ በእድሯ፣ በቀበሌዋ አውራ ተብላ አታውቅም፤
አውራ የሚባል ያላት ይሄ ጣት ነው፣ እሱም አይታተምም።
ፊደል አላወቀችም ይላሉ።
ፊደልስ መች አወቃት?

ከመጋረጃው ጀርባ ቆየች።
ስትወጣ ወረቀቱን አራት አጥፋዋለች፣
ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው፤ «ውሃውን አደራ» ብላኝ ሄደች፣
ቀለሙን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ማታ መብራት ሄዶ በሻማ ስንቆጥር
ከክምሩ ወጣች፤ አወቅኳት።
ከማረሻው፣ ከቁልፉ፣ ከመሰላሉ ርቃ፣
ከታች ጥግ፣ ባዶው ላይ፣
መስመር የሌለው አንድ ጥቁር ነጥብ፤
ምናልባት አምርራ፣ ምናልባት ስታ፣
ምናልባት ቧንቧውን ፈልጋ አጥታ።

ሰብሳቢው «የባከነ» አለ።
ለአፍታ እጄ ላይ አቆየኋት።
ሻማው እያለቀ ነበር፣
ሰዉም እንቅልፉ መጥቷል።
«የባከነ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ የውሎ አበል ተከፈለን፣
ስሜ ፊት ፈረምኩ።
ፊርማዬ ያምራል ይሉኛል።
አንድም ፊደል ተለይቶ አይነበብም።