ያልተወሰዱ ቁልፎች

ቁልፍ ሠሪው ዜፈሪኖ ከሞተ ሦስት ክረምት ሆነው፤
ሱቁን፣ ማቶዚኞሽ ወደብ ዳር፣ የባሕር ጨው ነው የላሰው።
ኢዳሊና ተከራየችው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሰርዲን ስታሽግ ኖራ በቆርቆሮ፣
ፋብሪካው በአንዲት ደብዳቤ አሰናብቷት ዘንድሮ።

የካሳውን ገንዘብ ቆጠረች፤
ለድስት፣ ለምድጃ፣ ለስድስት ወንበር በቃ፤
ሰባተኛው ላይ ግን ኪሷ ራሱ አላት፦ «በቃ!»
ሰባተኛው የኔ ነው። ከፎቅ ተሸክሜ ወረድኩ፤
አንድ እግሩ ያጥራል፤ ካርቶን አጥፌ ደገፍኩ።

ማስታወቂያውንም የጻፍኩ እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ፖስታ ያደልኩ፣
የሰው ጽሕፈት ሳነብ ኖሬ የራሴን ከቶ ያልለካሁ።
«ሾርባ» ብዬ ጀመርኩ በደማቁ፣ ክንዴን እንዳሻኝ ዘርግቼ፣
«ሳንድ» ላይ እንጨቱ አለቀ፤ ቀረሁ ብሩሼን ይዤ፣ ተገትቼ።
«ዊች»ን ከሥር፣ በደቃቁ፣ ጥግ አስገባኋት።
ኢዳሊና ቀና ብላ አየችና
«ከእናቷ ጀርባ የወረደች ልጅ ትመስላለች» አለች፤
ሳቀች። ከደብዳቤው ወዲህ ያኔ ነው የሳቀች።

ግድግዳው ላይ ሚስማር ነበር፤ ሚስማሩ ሁሉ ላይ ቁልፍ፣
ሰው አስቀርጾ ያልወሰደው፣ እየዛገ በሰልፍ።
«ጣያቸው» አላት ወንድሟ።
«ሳይከፍቱ ይጣላሉ እንዴ?» ብላ አፉን ዘጋችው።

ማክሰኞ ተከፈተ። ኅዳር ነው፤ የአትላንቲክ ንፋስ
ጃንጥላ ሲገለብጥ፣ የጀልባውን ገመድ ሲያምስ።
ድንቹ ከሽንኩርቱ ጋር ፈርሶ፣ ጎመኑ እንደ ክር ተከትፎ፣
ሥጋው ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣
ዳቦው ትኩስ፣ ቢላው ስል፤
ሰው ብቻ የለም።
እኩለ ቀን። አንድ ውሻ ገባ፤ አሸተተ፤ ወጣ።
እሷ ጠረጴዛውን ትወለውላለች፣ የጠራውን ልታጠራ።
እኔ ሦስት ሳህን ጠጣሁ፤ በየመሐሉ ወጥቼ ገባሁ፣
ሦስት ሰው እንድመስል። አራተኛውን ሆዴን ፈራሁ።

ከዚያ በሩ ተገፋ።
ከባርኔጣው ውሃ የሚንጠባጠብ፣ ረጅም፣ ጎባጣ ሰው፤
ድስቱን አላየም፣ ዳቦውን አላየም፤ ግድግዳውን ነው ያየው።
«ዜፈሪኖ የለም? ቁልፍ ልወስድ ነበር» አለ።
ደረሰኝ ዘረጋ፤ በእጥፋቱ ያለቀ፣ ቀለሙ የኮበለለ፤
ሃምሳ ሁለት የሚለው ብቻ እንደምንም የሚነበብ።
«ሞቷል» አላለችም። «እስክፈልገው ተቀመጥ» አለችው፤
ሳይጠይቃት ጨለፈች።

ሃምሳ ሁለተኛው ሚስማር አፍንጫዋ ፊት ነበር፤ አይቻለሁ።
እሷ ግን ከአንድ ጀምራ፣ እያንዳንዱን እየዳሰሰች፣
አስራ ሰባት ላይ ረስታ እንደገና ከአንድ ጀመረች።
ሰውየው ጠጣ። መጀመሪያ ለይሉኝታ፣
ቀጥሎ በማንኪያው ፍጥነት፣ በመጨረሻ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ፤
ትከሻው ከጆሮው ላይ ወረደ፣ ወደ ቦታው፣ ዝግ ብሎ።

«ይኸው» አለች። «የየትኛው ቤት ነው?»
«በጣቢያው ጀርባ የነበረው» አለ። «አሁን ሆቴል ቆሞበታል።
እኔ ባሕር ላይ ሳለሁ ነው የፈረሰው።
በሩ እንደሌለ አውቃለሁ። ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ስለቆየ ነው።»
ማናችንም ምንም አላልንም። ድስቱ ብቻ አንድ ጊዜ ተንተከተከ።

ሒሳቡን ከፈለ። ቁልፉን በመዳፉ መዘነና
መልሶ ሃምሳ ሁለት ላይ ሰቀለው።
«እዚሁ ይቆይልኝ። ነገም ጎመን ነው?»
«ነገ ባቄላ ነው» አለችው።

በማግስቱ ሁለት ጓደኛ አስከትሎ መጣ።
በሳምንቱ አንዲት ዓሣ ሻጭ፦ «የኔም ቁልፍ ይኖር ይሆን?» አለች፤
ደረሰኝ የላትም፣ ቀርጻም አታውቅ፤ ሁላችንም እናውቃለን።
ኢዳሊና ግን ከአንድ ጀምራ ፈለገችላት።

ክረምቱ አላለቀም፤ የሁለት ወር ኪራይ አለባት።
እጇን ታሸትና «ዛሬም ሰርዲን ነው» ትላለች፤
እኔ የሚሸተኝ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ አልከራከራትም።
ትናንት ሰባቱም ወንበር ሞልቶ ቆሜ በላሁ።
«ያንን አንካሳ ወንበርህን አሠራው» አለችኝ፣
«ሰው እየተቀመጠበት ነው።»