ዝርዝሩ ሞልቷል

መኪናዋን ከቶሪል ገዛኋት፣ በርገን፣ ከዳገቱ፣
ዝናብ እንደ ሥጋ ዘመድ ሳያንኳኳ ከሚገባበት ቤቱ።
ስድስት ዓመት የነዳት ሟቹ ባሏ ነው፣ ኦድቫር፣
ዓሣ ሲመዝን የኖረ፣ ጣተ ወፍራም ሰው ነበር።
ነዳጅ አትጠጣ፣ አትጮኽ፤ የድመት ነው እርምጃዋ፤
ቁልፉን ስትሰጠኝ ቶሪል፣ "ብርድ አይወድም" አለች፣ "ባትሪዋ።"
ሌላ ምንም አላለችም።

ስልኬን አገናኘሁ። ስክሪኑ "የትርሲት ስልክ" ብሎ በራ፣
ካርታው እንደ ሰሌን ተዘረጋ፣ ከወደቡ እስከ ተራራ፤
ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለችው ሴት በኖርዌይኛ እየመራችኝ
ስሜን ሰባብራ፣ ግን በትሕትና፣ "ትሪሲት" ብላ ጠራችኝ።
ፊደል ግን አልቆጠረችም።
ልጄ በአማርኛ ሲጽፍልኝ ቃሉን ታፈርሰዋለች፣
ባዶ ሣጥን ከባዶ ሣጥን ጎን እየደረደረች፤
ታነበው እንደሁ ብዬ ስጠብቅ ትንሽ ዝም ትላለች፣
ከዚያ፣ ምንም እንዳልጎደላት፣ "ልመልስ ወይ?" ትጠይቃለች።

ሌሊቱን አረጋውያን ሳገላብጥ አድሬ
ስመለስ በቶሪል ደጅ ነው፣ በድንጋዩ መንገድ ዙሬ፤
የእግረኛ ማቋረጫው በሯ ፊት ነው። ልክ ስቆም
የሰማሁት ወሬ ከመሃል ይቀራል፤ ራዲዮው ድርግም፤
ስክሪኑ ላይ፦ "የኦድቫር ስልክ ተገናኝቷል።"

የመጀመሪያው ቀን እጄ መሪው ላይ ቀዘቀዘ፤
የሙት ስልክ በየት በኩል ከእኔ ጋር ተያያዘ?
ጋራዡ ያለው ጎረምሳ ሳቀ። "መንፈስ አይደለም፣ አታስቢ፤
መኪናዋ ታስታውሰዋለች፣ ቅድሚያው የእሱ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግቢ፣
'እርሳ' የሚል ምልክት አለ፤ በጣትሽ ንኪው ብቻ፣
ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፤ አያስፈልግም መፍቻ።"

ጣቴን አዘጋጅቼ ነበር፣ እውነት ለመናገር።
በማግስቱ ግን ቀና ብል፣ ከመስኮቷ ደፍ፣ ከአበባው ሥር፣
ነጭ ገመድ እየጠባ ስልኩ ተጋድሟል።
እኔ ስቆም እሱ በራ።
ቶሪል በሌሊት ልብሷ፣ ጸጉሯ እንደተንጨባረረ፣
መዳፏን ጋረደችለት፣ ነፋስ እንዳያገኘው ያህል፣ ብርሃኑ እስከኖረ፤
"ከመኪናው ጋር ተገናኝቷል" ይል ይሆናል ጽሑፉ፣
ባሏ ወጥቶ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ መሪ የጨበጠ ያህል መዳፉ።
ወደ እኔ አላየችም።

ከዚያ ወዲህ እግረኛ ባይኖርም እቆማለሁ፤
ከኋላ ጡሩምባ ሲነፉብኝ እጄን አውጥቼ "ይቅርታ" እላለሁ።

ኖላዊ አሥራ ሦስት ሞላው፤ የራሱን ዘፈን ሊያሰማኝ
ስልኩን ቢያቀርብ፣ ስክሪኑ "ዝርዝሩ ሞልቷል፤ አንዱን ሰርዢ" አለኝ።
አራት ስም ነው የምትይዘው።
ሦስቱ "የኦድቫር ስልክ" ናቸው፤ ስልክ ለዋጭ ነበር ሟቹ፤
መስኮቱ ላይ የሚተነፍሰው የትኛው ነው? አይለዩም ወንድማማቾቹ።
አራተኛው የእኔ ነው።
"እርሳ" የሚለውን ነካሁ፣ በራሴ ስም ላይ።
ጎረምሳው እውነቱን ነው፤ ሁለት ሰከንድ አልፈጀም።

አሁን ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሣጥን የለ፣ ጥያቄ የለ።
ትናንት ሲነጋ፣ ቶሪል ደጅ፣ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ነገር "ዝዝ" አለ።
ቆሜም አልነበር? አወጣሁት። ፊደሎቹ አልጎደሉም፦
"ማሚ ቁልፍ ረሳው።"
"ረሳሁ" ማለቱ ነው፤ በ"ው" ጻፈው፣
የረሳው ሌላ ሰው አስመስሎ።
አላረምኩትም።

ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ ነው፤ በካልሲ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ።
መስኮቱ ላይ ያለው ብርሃን ግን ገና አልጠፋም ነበር።
"ሦስት ደቂቃ ታገሠኝ" ብዬ ጻፍኩ።
አምስት ቆየሁ።