ሆድ ያልፈጀው

«ሆዴን ነው» አለ ጀልባ ሠሪው ዜፌሪኖ፣ «ሆዴን እንጂ ልቤን አይደለም፤
ማታ የበላሁት የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ከዚያ ሌላ ነገር የለም።»
እጁን ግን ደረቱ ላይ ጫነው፣
ሙጫ የተቀባ ሳንቃ እስኪይዝ እንደሚጠብቅ ሰው።
ሚስቱ አላመነችም። ካፖርቱን በፒጃማው ላይ ደረበች፣
ከኦርታ ወደብ ሽቅብ፣ በዝናብ፣ ወደ ሆስፒታሉ ነዳች።

ምድር ቤት ዴኦሊንዳ አለች፣ ሰው ሳይሆን ደም የምታየው፤
ከሴንትሪፊዩጁ ጋር ብቻዋን ሌሊቱን የምታድረው።
ክዳኑ አረንጓዴ፣ ደሙ ገና ለብ እንዳለ፣ ቱቦው ደረሳት፤
ስም አልፈለገችም፤ መስመሩና ቁጥሩ አንድም ቀን አላሳሳታት።

ትሮፖኒን ይሉታል። ፍቅርን አያውቅም፣ ፍርሃትንም አልነገሩት፤
በልብ ክሮች መሀል ተቀምጦ፣ ካልሲየም ሲያንኳኳ በር መክፈት፣
ሲሄድ መዝጋት፤ ይኸው ነው ሥራው፤ ሲከፍት ሲዘጋ መኖር፣
ሰባ አንድ ዓመት፣ ያለ እሑድ፣ አንዲት ሌሊት ተኝቶ ሳያድር።
ቤቱ ካልፈረሰ አይወጣም። ደም በደጁ ሲያልፍ ሲያገድም
ኮቴውን ይሰማል እንጂ፣ ብቅ ብሎ ሰላም አይልም።
(እውነቱን ለመናገር፣ ከጤነኛም ልብ ጥቂት ይንጠባጠባል፤
ያረጀ ጣሪያም እኮ ሳይፈርስ ያፈሳል።)

የመጀመሪያው ውጤት አሥራ ሁለት። ከልኩ ጥቂት ዝቅ ያለ።
«አላልኩም?» አለ ሽማግሌው። «ጫማዬን አምጡልኝ» አለ።
ወጣቷ ሐኪም ግን፣ በቅርቡ ከዋናው ምድር የመጣችው፣
«ደም ወሬ ይዞ እስኪመጣ ጊዜ ይፈልጋል» አለችው።
«ሦስት ሰዓት ይስጡኝ፤ ከዚያ አንድ ቱቦ ደግሜ እወስዳለሁ።»
«ለሆድ ቁርጠት ሁለት ጊዜ ደም! እኔ እኮ ነገ ጀልባ እጠግናለሁ።»

ሦስት ሰዓት።
አንድ ማለዳ ታወሰው፣ ወንድሙ ጋስፓር የጠፋበት፤
ማዕበሉ ሳንቃ ተፍቶ ነበር፣ ክንድ የሚያህል፣ ሰማያዊ ቀለም ያለበት።
ሌሎቹ «ስንቱ ጀልባ ሰማያዊ ነው» እያሉ ተስፋ ሲቆጥሩ፣
እሱ የመዶሻውን ምት አየ፣ የራሱን ምት፣ በምስማሩ ዙሪያ፣ በዳሩ።
ሳንቃውን ከጓሮ ቀበረ። ለማንም አልነገረ፤ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዋጠው፤
እናቱ ዘጠኝ ቀን በመስኮት ስትጠብቅ፣ አብሯት ቆሞ ጠበቀው።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። ማሽኑ ወረቀት ተፋ፤
ሰማኒያ ሰባት። ደግማ መረመረች፤ ሰማኒያ ስምንት። እንቅልፏ ጠፋ።
የሆነ ነገር ተሰብሯል እዚያ ውስጥ፣ ከጎድን አጥንት ማዶ፤
ስብርባሪው ወደ ዳር እየመጣ ነው፣ በደም ማዕበል ላይ ተሰዶ።
በር ከፋቹ፣ በር ዘጊው፣ በር አጥቶ ጎዳና ወጣ፤
ሰውዬው ልብ ያላለውን፣ አፉ የካደውን፣ ይዞ ወደ ቱቦዋ መጣ።
ስልኩን አነሳች። ቁጥሩን አለች። ላይ ያለችው ሰምታ ደገመች፤
ደንቡ ነው፤ በትክክል እስክትሰማው ዴኦሊንዳ ስልኩን ይዛ ቆመች።

«ልብዎ ነው» አለችው ሐኪሟ። «ደምዎ ነው የነገረኝ።»
ጣሪያውን አየ። «ምን ያህል?» አላት። «ስንት ሳንቃ ጎደለኝ?»
«ገና ብዙ አይደለም። ነፋሱ ሲበርድ ሄሊኮፕተር ይወስድዎታል፤
ትልቋ ደሴት ላይ፣ የተደፈነው ሥር ሳይረፍድ ይከፈታል።»

ሚስቱን ፈለገ። እርጥቡን ካፖርት ታቅፋ ወንበር ላይ አለች።
«ፊሎሜና፣ ከጓሮ... የጋስፓር...» ሲል፣ «አውቃለሁ» አለች።
«ድንች ስተክል አገኘሁት፤ ሠላሳ ዓመት ሳይሆን አይቀርም ከዛሬ።
አፈሩን መልሼ አለበስኩት። ዝም አልኩ፣
አንድ ቀን ይነግረኛል ብዬ።»

ከወደቡ በኩል ነፋሱ ቀስ በቀስ ቀነሰ፤
ምድር ቤት ሌላ ቱቦ፣ ደሙ ለብ እንዳለ፣ ደረሰ።