የስሙ መነሻ

ቅጹ አምስት ዓምድ አለው፤
ተራ ቁጥር፣ የቦታው ስም፣ ትርጉም፣ ማን እንደነገረው፣
ከሁሉም የጠበበችው ደግሞ «የስሙ መነሻ»።
ከአዳማ ወጣሁ በወረዳው ዶቅዶቄ፣ በክረምቱ መጨረሻ፣
ክላሰሬን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬ፣
በሦስት ቀን እጨርሳለሁ ብዬ።

አንደኛ። ሙካ ቶኮ። ትርጉም፦ አንድ ዛፍ።
ዛፍ የለም። ጤፍ ነው፣ እስከ ማሳው ጫፍ።
«ዛፉስ?» አልኳቸው ኦቦ ሸንተማን።
«ዛፉማ ከሰል ሆነ፣ አባቴ ልጅ ሳለ፤
ስሙን ግን በየት ምሳር? ይኸው ቆሞ አለ።
አረም ሲያደክመን ዛሬም ‹ከሙካ ቶኮ ሥር እንረፍ› እንላለን፤
ጥላው ብቻ ነው የጎደለን።»

ቀጥሎ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ኢያ። የጩኸት መሻገሪያ።
«ከብቱን ጎርፍ ሲወስድበት ሰው የጮኸበት ነው» አሉ ሸንተማ።
«ሙሽሪት ስትሻገር ወንድሟ የጮኸበት ነው እንጂ!
እሱ ደግሞ ምን ሰማ?»
አሉ ኦቦ ቡልቶ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው።
የዘጠነኛ ክፍሏ ዱሬቲ ሳቀች፦
«ወንዙ ራሱ ነው የሚጮኸው፣ ሐምሌ መጥታችሁ ስሙ።»
ሦስቱንም ጻፍኩ፣ ፊደሌ እንደ ጉንዳን ተነባብሮ፣
ከመስመሩ እስኪፈስ ቀለሙ።
ከወረዳ ተደወለ፦ «አንድ ስም፣ አንድ መነሻ፤ አጭር ይሁን።»
እሺ አልኩ። አልሰረዝኩም ግን።

ካምቦ። የማን ሰፈር እንደነበር አጥርቶ የሚያውቅ የለም፤
ጣሊያን ያለም አለ፣ የመንገድ ሠራተኛ ያለም።
የቀረው አንድ የሲሚንቶ ደረጃ ነው፣ የትም የማያደርስ፣
ፍየል ወጥታበት የምትቆም።

ከአዴ ሎሚ ጓሮ ኋላ አንድ ጎድጓዳ አለ፣ ውኃ ያቆረ።
ስሙን ስጠይቅ
አብሮኝ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ጫማው አቀረቀረ።
እሳቸው ግን ወጡ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ፦
«ስም አለው። ጠሪው እኔ ነኝ።
ወረቀት ላይ ምን ሊያደርጉት ፈለጉ?»
ተራ ቁጥር አሥራ አራት። «አልተገኘም» ልል ነበር፤
ውሸት ሆነብኝ፣ ተውኩ።
አንዲት ነጥብ አኖርኩ።

ሦስቱ ቀን ሦስት ሳምንት ሆነ፤ እስክሪብቶዬ አለቀ፣
ጫማዬ ላይ የአራት ጎጥ ጭቃ ተደራርቦ ደረቀ።
ልመለስ ስል ዱሬቲን ሰማኋት፣ ታናሽ ወንድሟን ስትልክ፦
«ወፍጮ ቤት! በለገ ዶቅዶቄ በኩል ቶሎ በል!»
«በየት በኩል?»
ሳቋን በደብተሯ ከለለች።
«ያቺ ሞተርዎ የተቀበረችበት ፈፋ፤
የኦቦ ቡልቶ ኮት የተቀደደባት፣
እርስዎ ቁልፉን ይዘው ዳር የቆሙባት።
ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚላት።»

ክላሰሬን ከፈትኩ። ሠላሳ ሰባተኛ።
ትርጉም፦ የሞተር ሳይክል ፈፋ። የነገረችው፦ ዱሬቲ ሸንተማ።
የስሙ መነሻ። እዚህ ላይ እጄ ቆመ።
ከሃምሳ ዓመት በኋላ ቅጽ ይዞ የሚመጣው ሰው ታየኝ፣
ሽማግሌዎች ከበውት፦
«ሞተሯ ወርቅ ጭና ነበር፤ ወርቁ ዛሬም እታች አለ።»
«የምን ወርቅ! ሹም ነው የወደቀባት፣ ጭቃ እየማለ።»
«ፈፋው ነው እንጂ፣ ውኃ ሲሞላ እንደ ሞተር የሚያጉረመርም።»

ቶሎ ጻፍኩ፣ ሳይቀድሙኝ፦
«አንድ ጸሐፊ። ጭቃ። ያወጡት ስድስት ሰዎች።»
ዱሬቲ በትከሻዬ በኩል አነበበች።
«ሰባት ነበርን» አለች።