የገመድ አዙሪት

ከላብራቶሪው በር እስከ ሕፃናት ክፍል አርባ እርምጃ ቢሆን፣
አርባ ደቂቃ ፈጀ አንድ የደም ውጤት፣ ዛሬ ከሰዓቱን።
ነርሷ የዝናወርቅ ስክሪኗ ላይ አፍጥጣ፣
ክቧ ስትሽከረከር አይታ፣ ተቀምጣ፣ ተነሥታ፣ ተቀምጣ፣
በመጨረሻ ወረቀቱን ራሷ ሄዳ አመጣች፤
"በእግሬ ቀደምኩት፣ ያንን መብረቅ ያላችሁትን" አለች።

መልስ አልነበረኝም። ቁልፌን አነሣሁ፣ ወረድሁ።

የሰርቨሩ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለው።
ደጁ የባሕር ዳር ግንቦት፣ ውስጡ የማቀዝቀዣ ብርድ፤
ደፉ ላይ ስቆም ግማሽ ጎኔ ላብ፣ ግማሹ በረድ።
መጀመሪያ እሱን መረመርሁ፦ ልቡ አልደከመ፣ ሆዱ አልሞላ፣
ትኩሳት የለው፣ የሚያቃስትበት የለም ሌላ።
አፍ ቢኖረው እንዲህ ባለኝ፦ "እኔስ አላመመኝም፤
የሚደርስብኝ እንጂ የሚደርሰኝ የለም።"

ፒንግ ላክሁ።
አንዱ ባንድ ሚሊሰከንድ ደርሶ ተመለሰ፣
አንዱ ሁለት ሺህ ቆጥሮ፣ እያነከሰ፣
ሦስተኛውን ውኃ በላው፤
አራተኛው ሁለቴ መጣ፣ መምጣቱን እንደረሳው።
ልብ ማለት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር።
አላልሁም። ሰው መውቀስ ጀመርሁ፣ ያው እንደ አገር።

ቴሌን ወቀስሁ፤ ከሩብ ሰዓት ሙዚቃ በኋላ "የኛ መስመር ጤና ነው" አሉ።
ከአባይ ድልድይ ማዶ መንገድ የሚቆፍሩትን፣ ትናንት የጣለውን ዶፍ ሁሉ፣
አይጥ ወቀስሁ፣ ቫይረስ ወቀስሁ፣
ከዚያ መኳንንትን፤ "ፊልም እያወረደ ነው" ብዬ ደወልሁ።
ዘጌ ነው ለካ። ከድምፁ ቀድሞ የለቅሶ ዋይታ ገባ።
ዘጋሁት።

ስዊቹ ጋ ተመለስሁ። መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ፣
ሁሉም ባንዴ የሚርገበገብ፣ ባንዴ፣ ባንዴ፣
እንደ ሠርግ ቤት ጭብጨባ፤ ለማያውቅ ደስታ ይመስላል።
ሁሉ ይሮጣል፤ ማን ይደርሳል?

ገመድ በገመድ ነቀልሁ። ፋርማሲ፣ ካርድ ክፍል፣ ራጅ፤
ነቅሎ መጠበቅ፣ መልሶ መሰካት፣ እንደ ጥርስ ሐኪም እጅ።
አሥራ ሰባተኛው ላይ ጭብጨባው ቆመ።
መብራቶቹ በየተራቸው ተነፈሱ፣ አንዱ ሲበራ አንዱ እየጨለመ።
ገመዱን በጣቴ ተከተልሁ፣ ከመደርደሪያው ኋላ፣ በአቧራው ውስጥ ለውስጥ፣
ወዴት ይሄዳል ብዬ።
የትም።
ያው ስዊች ላይ፣ ሦስት ቀዳዳ አለፍ ብሎ፣ ሌላ ጫፉ ተሰክቷል፤
ከራሱ ወጥቶ ራሱ ውስጥ ይገባል።

ልጅ ሳለሁ፣ አጎቴ ታንኳ ሲያስቀዝፈኝ፣ ባንድ ጎን ብቻ እመታ ነበር፤
ክንዴ ይዝላል፣ ውኃው ይረጫል፣ አይቀርብ ደሴት፣ አይቀርብ ዳር።

"እኔ ነኝ" አለች ባንቺግዜ፣ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ፤
"ጠዋት ሳጸዳ አንድ ጫፉ ወድቆ አየሁ፤ ልቤ ጠፋ፣
የሰው ግሉኮስ የተነቀለ መሰለኝ።
ባዶ ቀዳዳ ፈልጌ መለስኩት። አጠፋሁ? ንገረኝ።"

ያንን ጫፍ ባለፈው ሳምንት ተንጠልጥሎ የተውሁት እኔው ነኝ።
"አላጠፋሽም" አልኋት።
የመዝገቡ ሳጥን፣ "የችግሩ ምክንያት" የሚለው፣ ጠባብ ነው፤
"የቴክኒሺያን መርሳት" ብዬ ጻፍሁ፤ ጠርዙን አልፎ ተረፈው።
ከላይ የዝናወርቅ ጮኸች፦ "ደረሰ! እንዴ፣ ሦስቴ ደረሰ!"
የዘገየው ሁሉ ባንድ ላይ ፈሰሰ።

ማታ መኳንንት መልሶ ደወለ።
"ቅድም ምን ልትለኝ ነበር?" አለ።
መስመሩ ጥርት ያለ ነው፤ ከኋላው የሐይቁ ማዕበል ድንጋይ ሲመታ ይሰማል።
"እግዜር ያጥናህ፣ ልልህ ነው" አልሁት።