የአንጓች ገመድ

ቅዳሜ በማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ከዘጌ ወደብ ላይ ሰው ሁሉ ሲሰለፍ፣
ሎሚ በዘንቢሏ፣ ጌሾ በጀርባዋ፣
አክስቴ አንጓች ነበረች የፊተኛዋ።
በመቀነቷ ሥር፣ ወገቧ ላይ ዞሮ፣
አንድ የቃጫ ገመድ፣ ሙሉውን ቋጠሮ።

ፊደል አልቆጠረች፣ ደብተር አልገዛችም፤
ያበደረችውን ግን አንድ ቀን አልረሳችም፤
የተበዳሪውን ስም ለሰው አላወራችም።
ለብር አንድ ቋጠሮ፣ ላሥር ብር ድርብ፣
እህል የሆነ እንደሆን፣ ጠምዘዝ አርጋ መሳብ።
ሐዘን ለገባው ቤት ግን ላላ ታደርገው ነበር፣
ጥርስ ሳይነካው በጣት እንዲፈታ፤ «ሐዘንተኛ አይቸገር።»

በሬ የማይጠመድባት፣ ሞፈር የማይነካት ምድር፣
ቃል ኪዳን አለባት ይላሉ፤ እሷ ግን ትል ነበር፦
«ቃል ኪዳኑ ለበሬው ነው፤ እኔማ መች አረፍሁ?
ባል የለኝ፣ ጥማድ የለኝ፣ በጥፍሬ አረስሁ።»

ስልሳ ዓመት ከሐይቁ ዳር፣ ዋና ግን አታውቅም።
ውኃ ትፈራ ነበር፤ ለማንም አትናገርም።
አንድ ቀን ከእንጦስ ማዶ፣ ማዕበል ጀልባችንን ሲንጥ፣
ዐይኗን ጨፍና፣ ጣቷ ገመዱ ላይ ሲሮጥ፣
መቁጠሪያ መስሎኝ፣ ልጅ አይደለሁ፣ «አሜን» እላለሁ አብሬ።
አንድ ዐይኗን ገለጠች፦
«ምን አሜን ያስብላል? የሽባባው ጤፍ ነው፤ ገና አልጨረስሁ ቆጥሬ።»

ደግ ብቻ ነበረች አልልም። በቀብር ቀን ሁሉም ደግ ነው።
ከአባቴ ጋር፣ ከገዛ ወንድሟ፣ ሦስት ክረምት የተኳረፈችው
በአንዲት የሎሚ ዛፍ ነው።
ዛፏ ቆማ ስትደርቅ ነው ሁለቱም አፍረው የታረቁት፣
ግንዷን ለሁለት ፈልጠው ለፋሲካ ያነደዱት።

ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል፣ አሥራ አንድ ቀን ተኛች።
በአሥራ ሁለተኛው፣ እኔ ሻይ ልጠጣ ስወጣ፣ ሞተች።
በዚያው በቅዳሜ ጀልባ ወደ አገሯ መለስናት፤
ነጂው ፈንቴ፣ ሒሳብ ሳወጣ፣ እጄን ያዘ፦
«ተው፤ እገመዷ ላይ የኔም ቋጠሮ አለበት።»

በአርባዋ ዕለት ገመዱን ሰሌን ላይ ዘረጋነው።
ማንም አልጠራም፤ ሰዉ ሁሉ የመጣው በራሱ ነው።
ሽባባው በምርኩዝ መጣ፤ ጥርስ የለውም፣ የልጅ ልጁ ነክሶ ፈታለት።
አንዲት መበለት ላላ ያለችዋን ነካ ብታደርጋት ተፈታች፤
ሁለት እንቁላል አስቀመጠችበት።
አንዱ ደሞ የራሱን ፈትቶ፣
የሟች ጎረቤቱንም ፈታ።
እንዲህ ሆነ እስከ ማታ፤
ሰፌዱ ላይ ብር፣ ጌሾ፣ አጠገቡ የታሰረ ዶሮ፤
ገመዱም እየረዘመ ሄደ፣ ሲያንስበት ቋጠሮ።

እኔ የራሴን ፈለግሁ።
አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወድቄ፣ ለማታ ትምህርት የሰጠችኝን፣
መቶ አርባ ብር፣ ሎሚ ሎሚ የሚሸት፣ መዳፌ ላይ የቆጠረችልኝን።
ቀኑን አውቀዋለሁ፤ ጌሾ የተወደደበት ሚያዝያ ነው።
«ሥራ ስትይዝ ትመልሳለህ» ያለችኝ ፊቷን አኮሳትራ ነው።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስሁት።
ሁሉም ከፍሎ ወጣ፤ እኔ በፋኖስ ደግሜ ደባበስሁት።
የለም።
ቃጫው በተፈታበት ሁሉ ተጨማድዶ ቀርቷል፤
በሽባባው ጤፍና በፈንቴ ብር መሀል ግን፣
አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ፣
ቀጥ ብሎ፣ ሳይታጠፍ ቆይቷል።