ሦስተኛው ረድፍ፣ ዳር ወንበር

ተውፊቅ ረታ አዲስ ፊልም አወጣ ሲባል
ከዚራ ለሁለት ይከፈላል፤
ግማሹ «ጥበበኛ ነው» ይላል፣
ግማሹ «አቦ ሌባ ነው፣ ትኬቴን ይመልስ!» ይላል።
እኔ ዝም ብዬ ሸሚዜን እተኩሳለሁ፣
ሦስተኛው ረድፍ ዳሩ ላይ እቀመጣለሁ።

(ዳር የምይዘው ሾልኬ ለመውጣት አይደለም፤
ጉልበቴ እንደ ድሮው አይታጠፍም፤
ሃያ ስምንት ዓመት የፉርጎ ፍሬን ሳዞር
እዚያው ቀርቷል መሰለኝ፣ ከሐዲዱ ሥር።)

የመጀመሪያው ፊልሙ፦
አንዲት ሴት፣ አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ።
ቁልፉ ይዞራል፤ በሩ አይከፈትም።
ውሻ ይጮሃል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤
ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ያስፈራል።
የጣሪያው ማራገቢያ እንኳ የቆመ መሰለኝ፣
ላቤ በአከርካሪዬ ቁልቁል ሲወርድ ተሰማኝ።
ጎማ ነጋዴው ደራርሳ፣ አፈ ሰፊው፣
ኦቾሎኒውን እንደ ጨበጠ፣ ሳይበላው
ወጣ፤ እስከ ሳቢያን አልተነፈሰም።

በሁለተኛው ግን ተናደድኩ፣ አልዋሽም።
ገዳዩ ለካ መንታ ወንድም አለው!
መንታ! ከየት መጣ? ማን ወለደው?
ሁለት ሰዓት ሙሉ አስፈራርቶን ሲያበቃ
እንደ ኮንትሮባንድ ጨርቅ ከወንበር ሥር ጎትቶ አወጣው፣ በቃ።
ታይዋን ተራ የምትነግደው ሸምሲያ ጫማዋን አወለቀች፣
ሸራው ላይ ልትወረውር እጇን አነሳች።
«ተዪው» አልኳት፣ «ጫማሽ ይቀራል እንጂ
እሱ አይማርም።»

ሦስተኛው፦ ጠብ። ጠብ። የቧንቧ ውሃ።
አራት ደቂቃ፤ በሰዓቴ ቆጥሬያለሁ።
ሰው አፏጨ። ከኋላ አንዱ
«ድሬ ላይ ቧንቧ ጠብ ካለ
ይኼ የሚያስፈራ ሳይሆን የምሥራች ነው!» አለ።
አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።
እኔ አልሳቅኩም።

ደቻቱን አውቃታለኋ።
ቀን ደረቅ አሸዋ ናት፣
ልጆች ኳስ የሚያሳድዱባት፣
ግመል ተንበርክኮ የሚያመነዥግባት።
ማታ ሰማዩ ጥርት፣ ኮከቡ ጥርት፣
ቅጠል ንቅንቅ አይልም።
ዝናቡ ግን ዘንቦ አልቋል፣
እላይ፣ ደጋው ላይ፣ እኛ በማናይበት፤
እኛ በሙቀቱ ተማረን
ፍራሻችንን ደጅ አውጥተናል።
ፍርሃት ማለት ይኼ ነው፦
የሚመጣው ተነሥቷል፣
የሚመጣበት ተኝቷል።

በዚያች ሌሊት መጀመሪያ የሰማሁት
የጎርፍ ድምፅ አልነበረም፤
ባዶ ጠርሙስ ነበር፣ ከድንጋይ ጋር ሲነካካ፣
ቅጭል፣ ቅጭል፣ በትሕትና፣
ልክ እንግዳ በር እንደሚያንኳኳ።
ጎረቤቴ እዳሉ ከእንቅልፏ ሳትነቃ
«ማነው?» አለች።
መልሱን አልጽፈውም።

ተውፊቅ ይህን ከየት አወቀ?
ያኔ ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነው።
ቧንቧው ጠብ ሲል ግን
ጠርሙሱን ሰማሁት።

ጠቤ ከመጨረሻው አሥር ደቂቃ ጋር ነው።
ኢንስፔክተሩ ወንበር ይስባል፣
ሲጋራ ይለኩሳል፣
ማን፣ ለምን፣ በስንት ሰዓት እያለ ይዘረዝራል፤
እኛም ጥፋታችን እንደሚነበብልን ተማሪዎች
አንገታችንን ደፍተን እንሰማለን።
ጎርፍ ቆሞ አያስረዳም፣ አንተ ልጅ!
ጭቃውን ትቶልን ይሄዳል።
ጭቃውን ስንጠርግ፣
የማን ጫማ እንደሆነ፣ የማን ድስት እንደሆነ ስንለይ፣
ያኔ ነው የሚገባን፤
ለአንዳንዱም እስከ ዛሬ አልገባውም።

ይህን ልነግረው አንድ ቀን በር ላይ ጠበቅኩት።
ቀጭን ነው፣ ጥፍሩን ይበላል።
«አባባ፣ ወደዱት?» አለኝ።
ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝና
«ቧንቧው ጥሩ ነው» አልኩት።
ዐይኑ እንባ አቀረረ፤
ወይም ከባጃጁ አቧራ ገባበት፣ እንጃ።

ቅዳሜ አራተኛው ይጀምራል።
ደራርሳ ዳግም ላይመጣ ምሏል፣
ሦስቴ ምሎ ሦስቴ መጥቷል።
ሸምሲያ ማሰሪያ ያለው ጫማ ገዝታለች፤
«እስክፈታው ንዴቴ ይበርዳል» ብላለች።
እኔ ሸሚዜን ተኩሻለሁ።
ስመለስ፣ እንደ ልማዴ፣
ድልድዩ ላይ ጥቂት እቆማለሁ፤
ሰማዩ ጥርት ካለ
ትንሽ በርከት አድርጌ።